አረቄ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

አረቄ ከእህል ድፍድፍ በእንፋሎት ተለይቶ የሚወጣ ብርቱ መጠጥ ነው፤ ካቲካላም ይባላል። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ በየቤቱ ሲወጣ የኖረው በሸክላ ማሰሮ፣ በመቃና በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምንም ስም አይለጠፍም። ገዢው የሚጠይቀው ያወጣችው ማን እንደሆነች ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ታሪኩም እንደ ጠጅ አልበዛም፤ ጠጅ የነገሥታት ግብር ስለነበረ የጸሐፊ ዓይን አርፎበታል፣ አረቄ ግን ከጭሳም ማድ ቤት ወጥቶ በገበሬ እጅ የሚያልቅ ነገር ነበር። ሙያው ግን ከጠጅ አይተናነስም፤ እንዲያውም በእሳትና በጊዜ ላይ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ይበልጣል።

ሦስቱ አገሮች ጎረቤታሞች ቢሆኑም አየራቸውም እህላቸውም አንድ አይደለም። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈለው መንዝ አብዛኛው ውርጭ የሚመታው፣ ነፋስ የማይለየው ደጋ ነው፤ ጓሳ ላይ ከፍታው ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ዋናው እህል ገብስ ነው፣ በመኸርም በበልግም ይዘራል። ራቤል ከተማ ያለችበት ግሼ ከመንዝ በስተሰሜን የሚገኝ ሲሆን በላይኛው አገሩ ከመንዝ ብዙም አይለይም። መርሐቤቴ ሌላ ነው። በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበ በመሆኑ ከዓለም ከተማ ወደ ወንዞቹ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይበረክታል፣ ቀፎም አይጠፋም። ስለዚህ የላይኛው አገር አረቄ የገብስ ነው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ማሽላ እየተቀላቀለ ይሄዳል፣ ጠጪውም ልዩነቱን ከሽታው ያውቀዋል።

ከአረቄ በፊት የነበሩት ጠላና ጠጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው መጽሐፍ የማር ጠጅንና የገብስ ጠላን ያነሳል፤ በእሳት የሚወጣ መጠጥን ግን ከአገሬው መጠጦች መካከል አይቆጥርም። ፈሳሽን አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ የማቀዝቀዝ ጥበብ በጥንታዊቷ እስክንድርያ ታውቆ በዐረብ ሊቃውንት እጅ የዳበረ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከነጋዴ ጋር ወደ ደጋው መድረሱ የሚያስገርም አይሆንም፤ ዘዴው የሚፈልገው ማሰሮ፣ መቃና ውሃ ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ለመቅዳት አያስቸግርም። የሸክላ ሠሪ እጅ ባለበት አገር ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነው።

በሸዋ ጠጅ የሥልጣን መጠጥ ነበር። ከመንዝ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል የመሠረተው የሸዋ ሥርወ መንግሥት ወደ አንኮበር ከዞረ በኋላ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847)፣ ጠጅ መጣል የንጉሡና ንጉሡ የፈቀደላቸው ሰዎች መብት ነበር። ጠላ የሁሉም ነው፤ በዓልም ማኅበርም ያለ ጠላ አይሆንም። አረቄ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ክፍት የነበረውን ቦታ ያዘ፦ እንደ ጠጅ ብርቱ፣ እንደ ጠላ ደግሞ ከራስ ጎተራ በሚወጣ እህል የሚሠራ፣ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ መጠጥ ሆነ። በደጋው እንዲህ ሥር መስደዱ ከብርዱ ይልቅ በዚህ የተነሣ ይመስላል። ብርዱ ግን ምክንያት ለመስጠት የተመቸ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከብቅል ነው። የተመረጠ ገብስ ታጥቦ ይነከራል፤ ውሃው ከተጠለለ በኋላ በቅጠል ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ሲያያዝ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይፈጫል። የብቅል ጥቅም ጣዕም መስጠት ብቻ አይደለም፤ እህሉ ሲበቅል የሚፈጠረው ንጥረ ነገር የዱቄቱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ ስኳር ከሌለ ደግሞ እርሾው የሚበላው አያገኝም። ጌሾ ደርቆ ይወቀጣል። ምሬቱ ጣዕሙን ያስተካክላል፣ ድፍድፉን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይገታል። የተወቀጠው ጌሾና ጥቂት ብቅል በታጠበና በታጠነ ጋን ውስጥ በውሃ ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከገብስ ዱቄት ወፍራም ቂጣ ይጋገራል፤ ቂጣው እየተቆረሰ ከተጨማሪ ብቅል ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይገባል። አሁን ድፍድፍ ሆኗል ማለት ነው። ድፍድፉ ከጠላው የሚለየው በውፍረቱ ነው፤ ለጠላ የሚሆነው በኋላ በውሃ ይቀጥናል፣ ለአረቄ የሚሆነው ግን እንደወፈረ ይቆያል።

በመንዝ ብርድ ድፍድፍ ቶሎ አይበስልም። ቆላ ላይ በጥቂት ቀን የሚደርሰው እዚህ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ጋኑ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። መብሰሉን የሚነግር መሣሪያ የለም። መጀመሪያ ሲንተከተክ ከሩቅ ይሰማል፣ አረፋ ያነሣል፤ ድምፁ ሲቀንስ፣ ቂጣው ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ ሽታው ከጣፋጭነት ወደ ብርታት ሲለወጥ ደርሷል። ቀድሞ የወጣ ድፍድፍ አረቄው ያንሳል፤ የዘገየ ደግሞ ይኮመጥጣል። እዚህ ላይ የአንድ ቀን ስሕተት የወር እህል ሊያስከፍል ይችላል፣ ለዚህም ነው ልምድ የሌላት ልጅ ብቻዋን የማትተወው።

የሚወጣበት ቀን ማድ ቤቱ ከማለዳ ጀምሮ በጭስ ይሞላል። ድፍድፉ ወደ ማሰሮ ይገለበጣል፤ እስከ አፉ ግን አይሞላም፣ ከሞላ ይገነፍላል። አፉ ላይ ክዳን ተደፍቶ መገጣጠሚያው በሊጥ ወይም አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ የሚነሣው መቃ ወይም ቀርከሃ ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃ ይገባል። የእንፋሎቱ መንገድ ይኸው ነው፦ ከማሰሮው ይነሣል፣ በመቃው ይሄዳል፣ ቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ሲገባ ጠብታ ይሆናል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። መንዝን የመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድፍድፉም ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይነሣል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የምንጩ ውሃ ነው። ቆላ ላይ የገንዳውን ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር ሲያስፈልግ የደጋው ውሃ ጣትን የሚያደነዝዝ ስለሆነ እንፋሎቱን በደንብ ይይዛል፣ ሽታውም አየር ላይ አይባክንም።

ዋናው ሙያ ያለው እሳቱ ላይ ነው። ከበረታ ድፍድፉ ገንፍሎ በመቃው ይገባና አረቄው ይደፈርሳል፤ ከማሰሮው ሥር ያለው ቂጣም ያርርና ቃጠሎ ቃጠሎ ይላል። ከደከመ ጠብታው ይቆማል። መንዝ እንጨት የሚቸገር አገር ነው፤ ብዙው ቤት የሚያነደው ኩበት ሲሆን ባሕር ዛፍ የተከለ ደግሞ እሱን ይጨምራል። ኩበት ነበልባል ሳያነሣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለአረቄ ሥራ የተመቸ ነው፤ ችግር የወለደው ማገዶ ለሙያው ጠቀመ ማለት ይቻላል። አውጪዋ መቃውን በእጇ እየዳሰሰች ሙቀቱን ትለካለች፣ ከዕቃው እየቀዳች ትቀምሳለች። የመጀመሪያው ብርቱ ነው፤ እየቆየ ይቀጥንና በመጨረሻ ውሃ ውሃ ይላል። የት ላይ እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ናት። ብዙ ለማግኘት ከቀጠለች አረቄው ይላላል፣ ቶሎ ካቆመች ጥሩ አረቄ አግኝታ እህሏን ታባክናለች። የአንዷ አረቄ በመንዝ፣ በሞላሌ ገበያ ሲፈለግ የሌላዋ የሚቀረው በዚህ ውሳኔ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ተራው እንደገና ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል፤ መጠኑ ይቀንሳል፣ ዋጋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን ባህላዊ መጠጦች የመረመረ ጥናት በተራ አረቄ ከመቶ 34 ገደማ፣ በዳግም ከመቶ 46 ገደማ አልኮል አግኝቷል። ዳግም ስለዚህ ከብዙዎቹ የውጭ አገር መጠጦች አያንስም። ገዢው ይህን የሚያረጋግጠው በክብሪት ነው፦ ጥቂት ጠብታ አፍስሶ ሲለኩሰው ሰማያዊ ነበልባል ካነሣ ጥሩ ነው፣ እፍ ሳይሉት ከጠፋ ውሃ ገብቶበታል። ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያይም አለ።

ንጹሕ የገብስ አረቄ ጭስና የተጠበሰ እህል ይሸታል። በላዩ ላይ የሚጨመሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ እንስላል፣ ማር። የኮሶ አረቄ የሚባለውም የታወቀ ነው። እነዚህ ከመጠጥነት ወደ መድኃኒትነት ያዘነብላሉ፤ ለጉንፋን የነጭ ሽንኩርት አረቄ የማይመክር አሮጊት በደጋው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በሌላው አገር የእህሉ ምርጫ ይለያል፤ ጎጃም ውስጥ የዳጉሳና የግብጦ አረቄ አለ፣ አርሲ ነገሌ ደግሞ በአረቄ ንግድ መላው አገር የሚያውቃት ከተማ ሆናለች። ከማሰሮው ሥር የሚቀረው አተላ አይጣልም። ለከብትና ለበግ ይሰጣል፤ የመንዝ በግ በተለይ በበጋ፣ ሣር በደረቀበት ወቅት፣ አተላ ይጨመርለታል። ብዙ ቤት አረቄው ባያተርፍ እንኳ በጉ ያተርፋል በሚል ስሌት ይሠራል።

አረቄ በሥርዓት ውስጥ ያለው ቦታ ከጠላ የተለየ ነው። በጽዋ ማኅበር፣ በዝክርና በሰንበቴ ዋናው መጠጥ ጠላ ሲሆን አረቄ እዚያ ብዙ አይታይም። የሚታየው በማለዳ፣ ከብርድ ለገባ እንግዳ፣ በሠርግ ቤት ለሽማግሌዎች፣ ከእርሻ መልስ ነው። በብርጭቆ አይቀዳም፤ መለኪያ በምትባል ትንሽ ዕቃ ነው የሚጠጣው። ሲቀዳ ለታላቁ ይቀድማል፤ ቀጂው ራሱ አስቀድሞ ቀምሶ መስጠቱ መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ የሆነበት የቆየ ልማድ ነው። አንድ ሁለት መለኪያ ጨዋታ ያመጣል ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚያመጣው ደግሞ ጠብ መሆኑን የመንዝ ሽማግሌ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ዕርቅ ላይ የሚቀመጠው እሱ ነውና።

አረቄ የሚያወጡት ሴቶች ናቸው። ገጠር ውስጥ ይህ ከሌላው የማድ ቤት ሥራ ጋር የሚሄድ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን መተዳደሪያ ሆነ። መሬት የሌላት፣ ከባሏ የተፋታች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ይዛ የምትሄደው ካፒታል ጋን፣ ማሰሮና የእጅ ሙያ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ አረቄ ቤት ከፍታ ልጆች አስተምራለች። የመጠጡ ስም ከሙያው ያነሰበትም ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፦ የድሃ ሴት ሥራ ስለሆነ ከመጠጡ በፊት ሴቲቱ ተናቀች፣ አረቄውም አብሮ ወረደ። በአገሩ ጠጅ ቤትን በኩራት የሚያነሣ ሰው አረቄ ቤትን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ጠጁ በጥበብ ስለሚበልጥ አይደለም።

የአረቄው ዝና ከደጋው የወጣው በመኪና መንገድ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሠራ፤ ጣርማበር ላይ ተራራውን በዋሻ በሳው። በዚያው ዘመን ራስ አበበ አረጋይ የመሩት የሸዋ አርበኞች መንዝንና መርሐቤቴን መሸሸጊያ አድርገው ይዋጉ ነበርና፣ ወራሪው ከመንገዱ ርቆ ወደ ገደሉ ሲገባ ሥልጣኑ ይላላ ነበር። ከነፃነት በኋላ መንገዱ የንግድ ሆነ። የጭነት መኪና ሾፌር ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ ብርዱን በመለኪያ ይገላግላል፣ ሲነሣም ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ከመንዝ፣ ከጠራና ከሌላውም ገጠር በአህያና በበቅሎ የሚመጣው ሁሉ «የደብረ ብርሃን አረቄ» ተባለ። ስሙን የወሰደችው ገበያዋ ከተማ ናት፤ እህሉን የዘራውና አረቄውን ያወጣው ገጠር ሳይጠቀስ ቀረ። ከመንገዱ ጋር የብረት በርሜልና የብረት ቱቦም መጡ። በርሜል ከማሰሮ ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ አይሰበርም፤ ሸክላውን የያዙ ቤቶች ግን የብረት ጣዕም እንዳይገባበት ነው የያዙት።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግሪኮችና አርመኖች የመጠጥ ንግድ ያዙ፤ በኋላ ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ የተባለው ድርጅትም መነሻውን እ.ኤ.አ. 1906 ያደርጋል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ የአልኮል ፋብሪካዎችም የመንግሥት ሆኑ። ኡዞውና ጂኑ በጠርሙስ ታሽገው፣ ግብር ከፍለው፣ ስም ይዘው ወጡ። የቤት አረቄ ከእነሱ ጋር የተወዳደረው በዋጋ ነው፣ አሁንም የሚወዳደረው በዋጋ ነው፤ በጥራት ይወዳደራል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ሜክሲኮ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ የነበረው መጠጥ በሌላ መንገድ ሄዷል። መስካል የሚሠራው በእኛ አገር ቃጫ የሚባለው ተክል ዘመድ ከሆነው ከአጋቬ ነው። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ልቡ በጋለ ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይበስላል፣ ይደቃል፣ በራሱ ይቦካል፣ ከዚያም በሸክላ ወይም በመዳብ ዕቃ ይወጣል። እዚያም ቢሆን ለብዙ ዘመን የገጠር ድሃ መጠጥ ነበር፤ ከተሜው ተኪላ ያዝዝ ነበር እንጂ መስካል አያዝዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ስሙ በሕግ ተጠበቀ፤ ከተወሰኑ ግዛቶች ውጭ የተሠራ መስካል ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደንብ ደግሞ በፋብሪካ የሚሠራውን፣ በእጅ የሚሠራውንና ጥንታዊውን ለየ፤ ጥንታዊ ለመባል በሸክላ ማሰሮ፣ በቀጥታ በእሳት ላይ መውጣት አለበት። በብዙ ጠርሙሶች ላይ የመንደሩና የሠሪው ስም ይጻፋል። የኦአሃካ መንደሮች መጠጥ በኒው ዮርክና በለንደን ውድ ሆነ። ጉዳት የሌለበት ግን አልሆነም፤ ተፈላጊነቱ የዱር አጋቬን አመናምኗል፣ ትርፉም ከሠሪው ይልቅ ለነጋዴው አድልቷል የሚል ቅሬታ አለ።

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ የሞከረችው በቡና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት አስመዝግባለች፣ እ.ኤ.አ. በ2007ም ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። የመንዝ ገብስ አረቄ ለእንዲህ ያለ ስም የሚያበቃው ነገር አለው፦ የታወቀ አገር፣ የታወቀ እህል፣ የታወቀ ዘዴ። እንቅፋቱም ግልጽ ነው። ዳግሙ ከቤት ወደ ቤት ይለያያል፣ ጥራቱን የሚመረምር የለም፣ አውጪዎቹም የተደራጁ አይደሉም።

አሁን በሙያው ላይ የመጣው ትልቁ ጫና ከሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ ነጋዴ የፋብሪካ አልኮል በውሃ ቀጥኖ የቤት አረቄ ነው ብሎ ይሸጣል፤ ይህ ክብሪቱን ያልፋል፣ ሰማያዊ ነበልባልም ያነሣል፣ የገብስ ሽታ ብቻ የለውም። ለመጠጥ ያልተዘጋጀ አልኮል ሲሆን ደግሞ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ገድቦ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል፤ ወደ ማድ ቤቱ አረቄ ግን በተግባር እምብዛም አይደርስም። ማገዶም እየጠበበ ሄዷል። ኩበት ለምድጃ በዋለ ቁጥር ከማሳ ማዳበሪያ ይቀራል፤ የጓሳ ቁጥቋጦም ቢሆን የመንዝ ሰው ከቀድሞ የቄሮ ሥርዓት ጀምሮ በየተራ እየዘጋና እየከፈተ የሚጠብቀው የጋራ ሀብት ነው እንጂ እንደ ልብ የሚቆረጥ አይደለም።

ገብሱም ሌላ ፈላጊ አግኝቷል። የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ በ2007 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ጀምሯል፣ ዳሸንም እዚያው ሁለተኛ ፋብሪካ ከፍቷል፤ የብቅል ገብስ ፍላጎት በመጨመሩ ቀድሞ ለጎተራና ለጋን ብቻ ይታሰብ የነበረው ማሳ ለቢራ በሚሆን የተመረጠ ዘር መያዝ ጀምሯል። የቢራ ገብስ ለአረቄም ይሆናል፤ አውጪዎች ግን ለቂጣው የአገሩን ገብስ ይመርጣሉ፣ ለብቅሉ ሁለቱንም ይቀበላሉ።